መኪናው ከመነሳቱ በፊት

ነገሌ ቦረና ከምድር ወገብ በስተሰሜን አምስት ዲግሪ አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ሞያሌ ደግሞ ሦስት ዲግሪ ተኩል ላይ። በዚህ ምድር በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወር ቢሆን ከአናት ብዙ አትሸሽም። ስለዚህ የቀትር ጥላ አጭር ነው። የቆመ አይሱዙ ጥላውን ወደ ሜዳው አይዘረጋም፤ ከሆዱ ሥርና ከጎኑ ጥግ ብቻ ይይዘዋል። ዛፍ በሌለበት የከብት ገበያ ጥላ የፈለገ ሰው ጎማ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ፍየሏ ከተሳቢው ሥር ትገባለች፣ እረኛው ልጅ ደግሞ ፍየሏን ተከትሎ ይገባል። ጋቢና ውስጥ ከተቀመጠው ሾፌር ዓይን የሚሰወረውም ይኸው ቦታ ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር የተጣበቀው፣ ዝቅ ያለው፣ ጎማው አጠገብ ያለው። የቆላው ፀሐይ ሰውን የሚገፋበት ጥግና መኪናው ከሾፌሩ የሚሸሽገው ጥግ እዚህ አገር አንድ ሆነዋል።

ሾፌር ስለማያየው ቦታ፣ ብዙዎች ብላይንድ ስፖት ስለሚሉት ነገር ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ምሳሌ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ መስመር የሚቀይር የቤት መኪና ነው። ሾፌሩ ስፖኪዮውን ያያል፣ ማንም የለም ይላል፣ መሪውን ያዞራል፣ ከጎኑ የነበረው መኪና ጋር ይላተማል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ባለ ስድስት መስመር መንገድ ላለው ከተማም ተገቢ ምሳሌ ነው። ለነገሌ፣ ለያቤሎ፣ ለዱብሉቅ፣ ለፊልቱና ለዶሎ አዶ ግን ትምህርቱ ከዚያ መጀመር የለበትም። በእነዚህ ከተሞች ከእይታ የተሰወረው ቦታ ይበልጥ የሚያሰጋው መኪናው ሲበር ሳይሆን ከቆመበት ሲነሳ፣ ወደ ኋላ ሲሄድና በዝግታ ሲታጠፍ ነው። መድኃኒቱም መስታወትን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ ማየት አይደለም፤ ከመነሳት በፊት በእግር ዞሮ ማየት፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ደግሞ የሰው ዓይን በትክክለኛው ስፍራ ማቆም ነው። ይህ ብዙ ሾፌሮች ጊዜ ማባከን አድርገው ስለሚቆጥሩት ምክንያቱን ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ነገሩ የጥንቃቄ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የልኬት ጉዳይ ነው። ሲኖትራክና አይሱዙን የመሰሉ አፍንጫ የሌላቸው የጭነት መኪኖች ሾፌሩን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም የሚያይ ይመስለዋል። በእርግጥም ሩቁን ያያል፤ የሚያጣው ቅርቡን ነው። የሾፌሩ ዓይን ከመሬት 2.5 ሜትር ከፍ ብሏል፣ ዳሽቦርዱን አልፎ አስፋልቱን ማየት የሚጀምረውም ከዓይኑ 4 ሜትር ርቆ ነው እንበል። ለትልቅ ጭነት መኪና ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። ከዓይኑ ወደ መሬት የሚወርደው የእይታ መስመር የአንድ ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርሰው 2.4 ሜትር ከሄደ በኋላ ነው። የመኪናው ግንባር ከሾፌሩ ዓይን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚቀድም፣ ከግንባሩ ፊት እስከ 1.6 ሜትር ድረስ የቆመ የአንድ ሜትር ቁመት ያለው ልጅ ከነጸጉሩ አይታይም። አንድ ሜትር የአራት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚንቀሳቀስ መኪና በሰከንድ 1.4 ሜትር ይሄዳል፤ እናም ያቺ 1.6 ሜትር ከአንድ ሰከንድ እምብዛም በማትበልጥ ጊዜ ታልቃለች። እዚህ ላይ ፍሬንም ሆነ የሾፌር ቅልጥፍና አያድንም፤ የሚረግጥበትን ምክንያት ያላየ እግር ፍሬን አይረግጥም።

ኮፈን ያላቸው ላንድ ክሩዘርና ፒካፖች ሌላ መልክ አላቸው። ረጅሙና ከፍ ያለው ኮፈን ከፊት ያለውን መሬት ጥቂት ሜትሮች ይጋርዳል፤ አጎንብሶ ጎማ የሚፈትሽ ወይም ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ውስጥ ይጠፋል። የከፋው ግን ኋላው ነው። የተጫነ የጭነት መኪና ኋላውን በቀጥታ የሚያይበት መስኮት የለውም፤ ሁለቱ ስፖኪዮዎች የሚያሳዩት ግራና ቀኝ ጎኑን ተከትሎ ያለውን ብቻ ነው፤ ልክ ከጀርባው ያለው ሰው በሁለቱም ውስጥ አይገባም። ፒካፑም ቢሆን በርሜል፣ ፍራሽና ጀሪካን ከተጫነበት የውስጥ መስታወቱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ድርቅ ሲመጣ ወደ ቦረና ሣርና ጭድ የሚያመላልሱት አይሱዙዎች ጭነታቸው ከመጫኛው ጎን ወጥቶ ስለሚያብጥ ስፖኪዮዎቹም የሚያሳዩት ሣር ነው። ዝግ ያለ ጉዞ ገዳይ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው የአሜሪካንን ተሞክሮ ይመልከት። የዚያ አገር የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ወደ ኋላ የሚሄዱ መኪኖች በዓመት 210 ያህል ሰው እንደሚገድሉ፣ ከሟቾቹም 31 በመቶው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደሆኑ ገመተ። እንዲህ ያለው አደጋ ነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከግንቦት 2018 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪናና ፒካፕ ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ያስገደደው። አደጋው የደረሰው በደጅና በመኪና ማቆሚያ እንጂ በፍጥነት መንገድ ላይ አልነበረም።

ወደ ጎን እንምጣ። ስፖኪዮ ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያው አቀማመጡ ነው። ብዙ ሾፌር መስታወቱን የሚያስተካክለው የራሱን መኪና ጎን በደንብ እስኪያይ ድረስ ነው፤ የመኪናውን ጎን ሲያይ ልቡ ይረጋጋል። ይሁን እንጂ ያ የመስታወት ክፍል የሚያሳየው መኪናው ከቦታው አለመጥፋቱን ብቻ ነው። ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በፈረንጆች 1995 ባቀረበው ጥናት መስታወቶቹ ወደ ውጭ ቢከፈቱ በጎን የሚሰወረው ቦታ እጅግ እንደሚጠብ አሳይቷል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጭንቅላትን ወደ ግራ መስኮት አስጠግቶ የመኪናው ጎን ጫፉ ብቻ እስኪታይ ድረስ የግራውን መክፈት፣ ቀጥሎ ወደ መኪናው መሐል ጋደል ብሎ የቀኙንም እንዲሁ ማድረግ። ይህ ምክር በብዙ አገር ተሰራጭቷል፤ ለቤት መኪናም ጥሩ ነው። ሆኖም ዘዴው የውስጥ መስታወቱ ኋላውን ያሳያል ከሚል ግምት ይነሳል። እስከ ጣሪያው ለተጫነ ፒካፕ፣ ሰው ጢም ብሎ ለሞላበት አባዱላ፣ ወይም ለማንኛውም ጭነት መኪና ይህ ግምት አይሠራም፤ እነዚህ ጎናቸውንም ማየት አለባቸው። ለእነርሱ የሚበጀው በስፖኪዮው ጥግ ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ክብ ጎባጣ መስታወት ነው። ሁለተኛው ድክመት ከዚሁ ከጉብጠቱ ይመጣል። ጎባጣ መስታወት ሰፊ ቦታ የሚያሳየው ነገሮችን አሳንሶ ስለሆነ፣ ቀርቦ የመጣው ባጃጅ ገና ሩቅ ያለ ይመስላል። ብዙ መኪኖች ስፖኪዮ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈችው ማስጠንቀቂያ የምትለው ይህንኑ ነው፤ በመስታወቱ የምታየው ነገር ከሚመስልህ ይበልጥ ቀርቧል።

ከፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶዎችም ሰው ይደብቃሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምሰሶ ከዓይን 70 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ሃያ ሜትር ላይ ለአንድ ዓይን ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይጋርዳል። ሁለት ዓይን ስላለን የሚጋረደው ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል፤ አንድ ሜትር ግን አንድ እግረኛን ወይም ፊት ለፊት የሚመጣን ሞተረኛ ለመዋጥ ይበቃል። የከፋው፣ መኪናውና ሞተር ሳይክሉ ወደ አንድ መስቀለኛ መንገድ በተመጣጣኝ ፍጥነት ሲቃረቡ ሞተረኛው ከምሰሶው ጀርባ ሳይወጣ እስከ መጋጨቱ ድረስ ሊመጣ መቻሉ ነው። ሾፌሩ ወደዚያ አቅጣጫ ተመልክቷል፤ ዓይኑ የደረሰው ግን ብረቱ ላይ ነው። መፍትሔው ከወንበር ላይ ወደ ፊትና ወደ ጎን ጋደል ብሎ በምሰሶው ዙሪያ ማየት ነው፤ ከዚህ የረከሰ የደህንነት መሣሪያ የለም። በዚህ ላይ የፊት መስታወቱ ዳርቻ ዘርፍ፣ ባንዲራ፣ ሥዕልና ጥቅስ ሲጨመርበት ምሰሶው እየወፈረ ይሄዳል። እምነትንና ፍቅርን መኪና ላይ መግለጽ የሚከበር ልማድ ነው፤ ቦታው ግን ከመስታወቱ ውጭ ቢሆን ሰው ይተርፋል።

በዝግታ መታጠፍ ደግሞ ተሳቢና ባጃጅ የሚገናኙበት ነገር ነው። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ እየቆረጡ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠጋሉ። ጋቢናው ሲዞር የቀኝ ስፖኪዮው የሚያሳየው የተሳቢውን ግድግዳ ነው። መሐል ላይ፣ በጋቢናውና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ቦታ ለሾፌሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ቦታውም በየሰከንዱ እየጠበበ ይሄዳል። ባጃጅ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ተሳቢው ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ሲከፈት በቀኝ በኩል ክፍት መንገድ የተገኘ ይመስላል። ባጃጁም የራሱ ጣጣ አለው። ከሾፌሩ ጎን ትርፍ ሰው ሲቀመጥ አንዱ ስፖኪዮ በትከሻ ይሸፈናል፣ ከኋላ የተዘረጋው ሸራ ጀርባውን ይዘጋል፣ በጠባብ መንገድ እንዳይጋጭ ተብሎ የታጠፈው መስታወት ደግሞ እንደታጠፈ ይውላል። እዚህ ላይ የጊዜ ነገር መጨመር አለበት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሦስት ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። የጭነት መኪናው ሾፌር ቀኙን አይቶ፣ ግራውን አይቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬቻ አብርቶ ሲነሳ ያ ባዶ የነበረው ቀኝ ሰው ይዞ ይሆናል። መስታወት የሚነግረው ባየኸው ቅጽበት ስለነበረው ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው እይታ መኪናው ወደሚሄድበት ጎን፣ ጎማው ከመዞሩ በፊት ባለችው ቅጽበት መሆን አለበት።

ሞያሌ ላይ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሸጋግራለች፤ ኬንያ ደግሞ እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች። ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የሞያሌ ኬላ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ መሪያቸው በቀኝ የሆነ የጭነት መኪኖች ወደኛ፣ መሪያቸው በግራ የሆነ የእኛዎቹ ወደነርሱ መግባታቸው የመንገዱ ዓላማ ሆኗል። በዶሎ አዶም በኩል ሶማሊያ እንደኛ በቀኝ ብትነዳም እዚያ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ ነው። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና በእኛ መንገድ ላይ ለመቅደም ሲያስብ፣ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ጭነት መኪና አልፎ ማየት የሚችለው ሙሉ አካሉን ወደ ተቃራኒው መስመር ካወጣ በኋላ ነው። በሩ በግራ የተሠራ የመንገደኛ መኪና ደግሞ ተሳፋሪውን የሚያወርደው ወደ መንገዱ መሐል ነው። በአንጻሩ የእኛው ሾፌር በግራ ስለሚቀመጥ ከዓይኑ በጣም የሚርቀው የቀኝ ጎኑ፣ ማለትም እግረኛው፣ ሱቁ፣ የባጃጁ ተራና ልጁ ያሉበት ጎን ነው። ድንበር ተሻግሮ ለሚነዳ ሰው የትኛው ጎኑ እንደጨለመ በየአገሩ መለየት አለበት፤ የከተማው ነዋሪም ወደ እርሱ የሚመጣው መኪና ሾፌር በየትኛው መስኮት እንደተቀመጠ ማየት ቢለምድ ይጠቅመዋል።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊከራከር ይችላል፤ ሰውን የሚፈጀው ፍጥነት፣ የሌሊት ጉዞ፣ ከልክ በላይ መጫንና እንቅልፍ ነው፤ ከዚህ ሁሉ መካከል ስለ መስታወት ማውራት ምን ይባላል? ክርክሩ ክብደት አለው። ከቡሌ ሆራ እስከ ሜጋ፣ ከአዶላ በዋደራ እስከ ነገሌ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነትን የሚያህል ጠላት የለም፤ ይህን የሚክድ ጽሑፍ አይታመንም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንይ። አንደኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ሰው መሞቱን ሲገልጽ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች እንደሆኑም ተናግሯል። የአፍሪካ ክልል ከዓለም ተሽከርካሪ 3 በመቶውን ብቻ ይዞ ከሟቾቹ 19 በመቶውን ይሸከማል። ከብረት ውጭ ያለ ሰው ለመሞት ብዙ ፍጥነት አያስፈልገውም፤ አሥር ቶን በእርምጃ ፍጥነትም አሥር ቶን ነው። ሁለተኛ፣ በእኛ አገር የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ላይ ከአደጋ መንስኤዎች መካከል ጎልቶ የሚታየው ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት ነው። ይህ አገላለጽ ጥፋቱን ይመዘግባል እንጂ ሾፌሩ እግረኛውን አይቶ ያለፈው ይሁን ጭራሽ ያላየው አይለይም። ላላየኸው ሰው ቅድሚያ መስጠት አትችልም። በዚያ አንድ ሐረግ ሥር ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ተደባልቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱን ቅጣት ሊያክመው ይችላል፣ ሌላውን ግን መስታወት፣ ረዳትና ልማድ እንጂ ቅጣት ብቻውን አያድነውም። የአደጋ መመዝገቢያው ላይ መኪናው ቆሞ ተነስቶ ነበር ወይስ በጉዞ ላይ፣ ተጎጂው በየትኛው ጎን ነበር የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ብዙ ነገር ይገለጥ ነበር።

ሌላው መከራከሪያ፣ እግረኛው ራሱን ይጠብቅ የሚለው ነው። ለአዋቂ ሰው ትክክለኛና ጠቃሚ ምክር አለ። ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስ፣ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካየህ እርሱም አንተን ማየት ይችላል፤ ካላየኸው በዚያ መስታወት አያይህም። ይህን በየትምህርት ቤቱ ማስተማር ወጪ የለውም። ዳሩ ግን የአራት ዓመት ሕፃን ይህን ሕግ አይተገብርም፣ ፍየልም አትማረውም፣ ከሩቅ ገጠር ከብት እየነዳ ገበያ የወጣ ሽማግሌ የመኪናን ጠባይ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ሕጋችንም ሸክሙን ያስቀመጠው በሌላ ትከሻ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ኃላፊነቱ የሚመነጨው አደገኛውን ነገር በባለቤትነት ከመያዙ እንጂ ከጥፋት መረጋገጥ አይደለም። የተጎጂው ጥፋት በካሳው ላይ የራሱ ሚዛን ይኖረዋል። አላየሁትም የሚለው ቃል ግን ባለቤቱን ነጻ አያወጣም። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። በከባድ ብረት አማካይነት ትርፍ የሚያገኝ ሰው ያ ብረት የሚሰውረውን ቦታ የመፈተሽ ግዴታም አብሮ ሊኖረው ይገባል።

ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ለእኔ አይነገረኝም የሚል ሾፌርም አለ፤ ይህ ሰው ሊከበር ይገባል፣ ስለ መንገዱም ከማንም በላይ ያውቃል። ልምድ ግን የእይታ መስመርን አያጎብጥም፤ 1.6 ሜትሯ ለጀማሪውም ለአንጋፋውም እኩል ናት። እንዲያውም ልምድ በአንድ በኩል ያዘናጋል። ሺህ ጊዜ ሳይዞር ተነስቶ ሺህ ጊዜ ምንም ካልደረሰ፣ አለመዞር ትክክል መሆኑን ሺህ ጊዜ ተምሯል ማለት ነው። አእምሮም በዚህ ያግዘዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኤድም ማሪዮት የተባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ጭራሽ የማያይ ነጥብ እንዳለ አረጋግጧል፤ እኛ ግን በእይታችን ላይ ቀዳዳ አይታየንም፣ አእምሮ በዙሪያው ባለው ነገር ይሞላዋል። አይቻለሁ የሚል ስሜት የማየት ማረጋገጫ አይደለም። ለዚህ ነው የአውሮፕላን አብራሪ ምንም ያህል ዕድሜ ቢጠግብ ከመነሳቱ በፊት በአውሮፕላኑ ዙሪያ የሚደረገውን ፍተሻ የማይተወው።

እኛ ረዳት አለን የሚለው መልስ ከሁሉም የተሻለው ነው። ካሜራ የሌለው አገር የሰው ዓይን ማቆሙ ብልህነት ነው፤ ረዳት ከካሜራ በተለየ ልጅን መገሠጽ፣ ፍየልን ማባረር፣ ተኝቶ ያለን ሰው መቀስቀስ ይችላል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ረዳቱ ና! ና! እያለ የሚጮኸው ሾፌሩ በማያየው ቦታ ቆሞ ነው፤ ድምፁ ሲቋረጥ በቃ ማለቱ ይሁን ከሌላ ሰው ጋር መነጋገሩ፣ ወይም ወድቆ ይሁን አይታወቅም። አንዳንዴም ቦዲውን ደብደብ አድርጎ ሂድ ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ዓይኑ ሒሳብ ላይ ነው። ከጎማ ሥር ታኮ የሚያወጣውም እርሱ ነው፤ ሲያጎነብስ በመኪናው ዙሪያ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠው ራሱ ረዳቱ ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱ ስምምነት ጥብቅ መሆን አለበት። ረዳቱ ሾፌሩ በስፖኪዮ ፊቱን በሚያይበት ቦታ ይቆማል፤ ሾፌሩ ፊቱን ባጣ ቅጽበት ያቆማል፤ ምልክቱ እጅ እንጂ ጩኸት አይደለም፤ ታኮ ወጥቶ ረዳቱ በመስታወቱ ውስጥ ቆሞ ካልታየ በስተቀር ማርሽ አይገባም። ክላክስን በዚህ ሁሉ ምትክ የሚጠቀም ሾፌር ስህተት ይሠራል። ገበያ ውስጥ አሥር መኪና ክላክስ ሲያደርግ ልጁ የትኛው መኪና እንደሚነሳ አያውቅም፤ ጥላ ሥር ያንቀላፋው ሰውም ድምፁን ለሌላ ይተወዋል።

ቴክኖሎጂ ይመጣል፣ ይህ ሁሉ ይቀራል የሚሉም አሉ። ሌላው ዓለም በዚያ መንገድ መሄዱ እውነት ነው። ለንደን ከ12 ቶን በላይ የሚመዝን ጭነት መኪና ሾፌሩ በመስታወት ሳይሆን በቀጥታ በዓይኑ ምን ያህል እንደሚያይ በኮከብ እየመዘነች ፈቃድ ትሰጣለች፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ሕጉን በቅጣት አስከብራለች፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ ዝቅተኛውን መስፈርት ወደ ሦስት ኮከብ ከፍ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው አቆጣጠር ከሐምሌ 2024 ወዲህ የሚመዘገቡ አዳዲስ ጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች በጎናቸው ያለን ብስክሌተኛና እግረኛ የሚጠቁም መሣሪያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እነዚህ ባለ ሥልጣናት ጉዳዩን ለሾፌር ጥንቃቄ ብቻ አልተዉትም፣ የመኪናው አሠራር ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን ተቀብለዋል። ነገር ግን ዛሬ ከነገሌ ወደ ፊልቱ የሚጓዘው አይሱዙ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ የቆላው አቧራና የዝናቡ ጭቃም ካሜራ ቢገጠም እንኳ መነጽሩን በአንድ ጉዞ ይሸፍነዋል። አሁን በእጃችን ያለው ርካሽ ነው። ወደ ፊት ወደ ታች የሚያይ መስታወት ከግንባሩ በላይ መስቀል፣ ክብ መስታወት መለጠፍ፣ የተሰበረ ስፖኪዮ ይዞ ለዓመታዊ ምርመራ የመጣን መኪና አለማሳለፍ።

ከሾፌሩ በላይ ያሉትም ድርሻ አላቸው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ከባድ መኪኖች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ በመከልከል ጭነትንና እግረኛን በሰዓት ለመለየት ሞክራለች። ዱብሉቅ ወይም ፊልቱ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ አገር አቋራጩ መንገድ ራሱ የከተማው ዋና መንገድ ነው፣ ገበያውም ያለ ጭነት መኪና አይኖርም። በሰዓት መለየት ካልተቻለ ግን በቦታ መለየት ይቻላል። በሀሮ በኬም ሆነ በነገሌ የከብት ገበያ መጫኛው በአጥር ተለይቶ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሳይሄድ በአንድ በር ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ቢደረግ፣ እጅግ አደገኛ የሆነው እንቅስቃሴ ከሥሩ ይቀራል። ከዚያ አጠገብ ለሰው የሚሆን ዳስ ወይም ጥቂት ግራር ማቆም ደግሞ ተራ የማስዋብ ሥራ አይደለም፤ ሌላ ጥላ ያገኘ ሰው ጎማ ሥር አይቀመጥም።

የውኃ ቦቴ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ቦረና ውኃ በመኪና ተመላልሶለታል፤ ሌላ ድርቅ ሲመጣም ይመላለስለታል። ቦቴ እንደ ሌላው ጭነት መኪና ሰውን በአጋጣሚ አያገኝም፤ ልጆች ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ሮጠው ወደ እርሱ ይመጣሉ፣ ቧንቧው ያለበትን ጎንና ኋላውን ይከብባሉ፣ ውኃው ሲያልቅም የመጨረሻዋን ጠብታ ለመቅዳት ከሥሩ ይቀራሉ። ሾፌሩ ደግሞ ቀጣዩ መንደር ይጠብቀዋልና ይቸኩላል። ውኃ የሚያጓጉዝ ድርጅትም ሆነ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከባለ መኪናው ጋር ሲዋዋል፣ ከዋጋውና ከሊትሩ ጎን ሁለት መስመር ቢጨምር ብዙ አይከብደውም፦ ቦቴው ወደ ፊት ብቻ ወጥቶ እንዲሄድ ሆኖ ይቆማል፤ ከመንደሩ ሰዎች አንድ አዋቂ ልጆቹን ከገመድ ጀርባ ሰብስቦ፣ ሾፌሩ በእግሩ ዞሮ አይቶ እስኪመለስ ድረስ ቁልፉን ይይዛል።